የቤት ራውተር ራስ ሰር ዕድሳት፤ ከአዳሚ ቱሉ አንጻር ሲታይ

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ከሞጆ ተነሥቶ በመቂና በባቱ አድርጎ ወደ ሻሸመኔና ወደ ሐዋሳ የሚወርደው አውራ ጎዳና ከባቱ ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር እንዳለፈ አዳሚ ቱሉን ያገኛል። ከአዲስ አበባ ሲለካ ርቀቱ ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ስለ ከተማይቱ በተነሣ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሱት የፀረ ተባይ ማዘጋጃው ፋብሪካና የግብርና ምርምር ማዕከሉ ናቸው። የዚህ ንግግር መነሻ ግን ከእነዚህ ሁሉ በመጠኑ እጅግ ያነሰ ዕቃ ነው። ይኸውም በሱቅ መደርደሪያ ላይ፣ በቤት ግድግዳ ላይ ወይም በቴሌቪዥን ጀርባ ተቀምጦ ትንንሽ መብራቶቹን የሚያብለጨልጨው፣ ሰው ሁሉ በተለምዶ «ዋይፋይ» ብሎ የሚጠራው የቤት ራውተር ነው።

ኢንተርኔት ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1989 ዓ.ም. ሲሆን በዚያን ጊዜ ተጠቃሚው እጅግ ጥቂት ነበር። ዛሬ ግን በአውራ ጎዳናው ዳር ፎቶ ኮፒ የሚያነሣውና ማመልከቻ የሚጽፈው ባለሱቅ፣ የተማሪዎቹን ውጤት የሚልከው መምህር፣ በውጭ አገር ካለ ልጇ ጋር የምትነጋገረው እናት ሁሉ የሚገናኙት በዚህ ዕቃ በኩል ነው። ዕቃው ሲሠራ የሚያስበው የለም፤ ሲቆም ግን የዕለቱ ሥራ አብሮት ይቆማል። ከዚህም የተነሣ ዕቃውን ማን ይጠግነዋል፣ መቼ ይጠግነዋል፣ ጥገናው ቢበላሽስ ኃላፊው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ለባለሙያው ትንሽ ጥያቄ አይደለም።

ራውተር በውስጡ የራሱ አንጎለ ኮምፒዩተርና ማኅደረ ትውስታ ያለው ሙሉ ኮምፒዩተር ነው። ሥራውን የሚያዘው ፕሮግራም ፈርምዌር ይባላል። ፈርምዌር ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ በማይጠፋ የፍላሽ ማኅደር ላይ የተቀረጸ በመሆኑ መሣሪያው በበራ ቁጥር ከዚያው ይነሣል። ፕሮግራሙን የጻፉት ሰዎች በመሆናቸው ስሕተት አይታጣበትም፤ ከስሕተቶቹም አንዳንዶቹ ለሌባ የተከፈተ በር ናቸው። አምራቹ ስሕተቱን ሲደርስበት የታረመውን ፈርምዌር ያወጣል። ይህን አዲሱን ፈርምዌር ባለቤቱ ሳይጠየቅ መሣሪያው ራሱ ፈልጎ፣ አውርዶ፣ በአሮጌው ቦታ ጽፎ፣ ራሱን አጥፍቶ ሲያበራ፣ በተለምዶ «አፕዴት» የሚባለው ራስ ሰር ዕድሳት ተፈጸመ ማለት ነው።

ዕድሳት ለምን እንደሚያስፈልግ የሚያስረዳ ምሳሌ በቅርብ ዓመታት ታሪክ ውስጥ ይገኛል። በኅዳር ወር 2009 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 2016) በጀርመን አገር ወደ 900,000 የሚጠጉ የዶይቸ ቴሌኮም ደንበኞች መስመራቸው ተቋረጠባቸው ወይም ተዳከመባቸው። ምክንያቱ እንዲህ ነበር። አገልግሎት ሰጪዎች የደንበኞቻቸውን ራውተሮች ከሩቅ ሆነው የሚያስተካክሉበት «ቲአር 069» የሚባል የሥራ ደንብ አለ፤ የወጣውም በ1996 ዓ.ም. ነው። ለዚሁ ሥራ ተብሎ ክፍት በሚተወው በር፣ በቁጥር 7547፣ ሚራይ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም አንድ ዝርያ ለመግባት ሞከረ። የደንበኞቹ ራውተሮች በበሽታው ባይያዙም ሙከራው ብቻ ሥራቸውን አሰናከለው። መድኃኒቱ የተገኘው ደግሞ በዚያው በዕድሳት ነበር። ድርጅቱ አዲስ ፈርምዌር አዘጋጀና ደንበኞቹ ራውተራቸውን ነቅለው ጥቂት ቆይተው እንዲሰኩ አሳሰበ፤ መሣሪያዎቹም ሲነሡ የታረመውን ፕሮግራም ራሳቸው አወረዱ። ከዚያ በኋላ በግንቦት 2010 ዓ.ም. የሲስኮ ኩባንያ ተመራማሪዎች ቪፒኤን ፊልተር የተባለ ጎጂ ፕሮግራም በ54 አገሮች ውስጥ ቢያንስ 500,000 መሣሪያዎችን እንደ ያዘ አስታወቁ። ከተያዙት ውስጥ የሚበዙት የቤትና የአነስተኛ መሥሪያ ቤት ራውተሮች ነበሩ።

የአዳሚ ቱሉው ባለሱቅ «በእኔ ዕቃ ውስጥ ምን ይገኛል ብሎ ማን ይገባል» ቢል አይፈረድበትም። ሆኖም እንደ ሚራይ ያለው ፕሮግራም ባለቤቱን መርጦ አይመጣም፤ በሩን ሁሉ በተራ ያንኳኳል፤ የተከፈተለትንም ይይዛል። የተያዘው ራውተር የሌላውን አገር መሥሪያ ቤት ለማጥቃት ይሰለፋል፤ ባለቤቱም መስመሩ ስለ ተንቀራፈፈ ብቻ ያማርራል። ከዚህ የከፋው ደግሞ የባንክና የሥራ መልእክት ሁሉ በዚሁ ዕቃ በኩል ማለፉ ነው። እንግዲህ ዕድሳት አያስፈልግም የሚለው አስተያየት በምንም መንገድ ሊደገፍ አይችልም።

በሌላ በኩል ዕድሳትን የሚፈሩ ሰዎች ፍርሃታቸው መሠረት የለውም ማለት ስሕተት ነው። በግንቦት 2015 ዓ.ም. የአሱስ ኩባንያ ራውተሮች በብዙ አገሮች ደጋግመው ከመስመር ወጡ። መነሻው መሣሪያዎቹ በራሳቸው የሚያወርዱት የጥበቃ ፋይል በኩባንያው በኩል ተሳስቶ መዘጋጀቱ እንደ ነበረ ኩባንያው ገልጾ ይቅርታ ጠይቋል። በዚህ ጊዜ የደንበኞቹ ጥፋት አንድም አልነበረም፤ ተኝተው ሳሉ የመጣ ስሕተት ነው። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ደግሞ በአሜሪካ የአንድ አገልግሎት ሰጪ ደንበኞች የሆኑ ከ600,000 በላይ ራውተሮች በ72 ሰዓት ውስጥ ከአገልግሎት ውጭ ሆኑ። ጎጂ ፕሮግራም ገብቶ ፈርምዌራቸውን ስላበላሸው በአዲስ ከመተካት በስተቀር ሌላ መፍትሔ አልተገኘላቸውም። የመጀመሪያው ምሳሌ የሚያስተምረው ዕድሳቱ ራሱ ሊሳሳት መቻሉን ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ፈርምዌር ሲበላሽ መሣሪያው የፕላስቲክ ሣጥን ብቻ ሆኖ እንደሚቀር ነው።

ይህ ሁሉ በዓለም ላይ ያለ የጋራ ችግር ነው። ይሁን እንጂ መሣሪያውን የሠሩት ሰዎች ያላሰቡትና በአዳሚ ቱሉ፣ በባቱ፣ በመቂ፣ በአዳማም ጭምር የሚያጋጥም ሌላ ችግር አለ። ይኸውም የመብራት፣ የሰዓትና የባለቤትነት ጉዳይ ነው።

ስለ መብራት በቅድሚያ ይታይ። የስምጥ ሸለቆው አካባቢ የኃይል ምንጭ አልጎደለውም፤ በአዳማ አቅራቢያ የቆቃ ግድብ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በከተማይቱ ዙሪያ ካሉት ኮረብቶችም የነፋስ ኃይል፣ በአዳሚ ቱሉ ጎረቤትም በአሉቶ ላንጋኖ የእንፋሎት ጣቢያ ተተክሎበታል። ነገር ግን ኃይል መመንጨቱ ለእያንዳንዱ ቤት ሳይቋረጥ ይደርሳል ማለት አይደለም። ፈርምዌር ሲታደስ መሣሪያው የፍላሹን ማኅደር ክፍል በክፍል ያጠፋና አዲሱን ይጽፋል። ይህ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። በነዚያ ደቂቃዎች መብራት ቢሄድ አሮጌው ጠፍቶ አዲሱ ሳይሞላ ይቀራል። ዋጋቸው ከፍ ባሉት መሣሪያዎች ማኅደሩ ለሁለት የተከፈለ ስለሆነ አዲሱ ሲበላሽ በአሮጌው ይነሣሉ፤ በርካሾቹ ግን ማኅደሩ ጠባብ በመሆኑ ብዙውን ጊዜ ቦታው አንድ ብቻ ነው።

ይህን የሚያውቅና የኤሌክትሪኩን መዋዠቅ የሚፈራ ባለቤት ምን ያደርጋል ቢባል፣ ማታ ሱቁን ሲዘጋ ራውተሩን ከሶኬት ይነቅላል። ይህ የጥንቃቄ ልማድ ነው፤ አይነቀፍም። ሆኖም ራስ ሰር ዕድሳት በአብዛኛው የሚፈጸመው ሰው በተኛበት ሰዓት እንዲሆን ተደርጎ ነው። ማታ ማታ የሚነቀለው ራውተር በመሣሪያው ገጽ ላይ «ራስ ሰር ዕድሳት በርቷል» የሚል ጽሑፍ እያሳየ ዓመታት ሊያልፉት ይችላሉ፤ የታዘዘው ሰዓት ሲደርስ አንድም ቀን ነቅቶ አልተገኘምና። ባለቤቱም ሁለት ጥንቃቄ ያደረገ መስሎት ይኖራል፤ አንዱ ጥንቃቄ ሌላውን እንደ ሻረው ግን አላወቀም።

ሁለተኛው የሰዓት ጉዳይ ነው። አምራቹ «3:00» ብሎ ሲጽፍ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሦስት ሰዓት ያለፈበትን፣ በእኛ አገር አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓትን ማለቱ ነው። ባለሱቁ ግን «ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይሁን» ብሎ «9:00»ን ቢመርጥ መሣሪያው የሚታደሰው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ፣ ደንበኞች ተሰልፈው ወረቀት በሚያስነሡበት ጊዜ ይሆናል። የሰዓት ቀጠናው ካልተስተካከለ ነገሩ ይብሳል። በፋብሪካው በቤጂንግ ሰዓት እንደ ተሞላ የቀረ ራውተር የእርሱ «3:00» የሚውለው በአዳሚ ቱሉ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ነው። በግሪንዊች ሰዓት የተተወው ደግሞ ንጋት ላይ፣ 12 ሰዓት ሲሆን ይነሣል። ከዚህም ሌላ ብዙዎቹ የቤት ራውተሮች መብራት ሲጠፋ ሰዓታቸውን የሚጠብቅ ባትሪ የላቸውም፤ በተነሡ ቁጥር ትክክለኛውን ሰዓት ከኢንተርኔት ይጠይቃሉ። ይህ ጥያቄ መልስ ካላገኘ መሣሪያው ቀኑን ስለማያውቅ የዕድሳቱ ሰዓት መድረሱን አያውቅም፤ የዕድሳት ማዕከሉንም የማንነት ማስረጃ ጊዜው ያላለፈበት መሆኑን ሊያረጋግጥ አይችልም።

ሦስተኛውና ዋናው ግን የባለቤትነት ጉዳይ ነው። በአንድ ከተማ ውስጥ የሚገኙት ራውተሮች በመልክ ቢመሳሰሉም ባለአደራቸው የተለያየ ነው። ከመስመሩ ጋር አገልግሎት ሰጪው የሚያቀርበው መሣሪያ አለ፤ ይህን በአብዛኛው ማዘዝ የሚችለው አገልግሎት ሰጪው ራሱ ነው። ከአዳማ ወይም ከመርካቶ ሱቅ የተገዛ መሣሪያ አለ፤ የዚህ ዕድሳት የሚመጣው ከአምራቹ ነው። ሲም ካርድ የሚገባበትም አለ፤ ከኢትዮ ቴሌኮም በተጨማሪ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አገልግሎቱን በይፋ ከጀመረ ወዲህ አማራጩ ሰፍቷል፤ የዚህ ዕድሳት ደግሞ ከተገዛው ጥቅል ላይ ይቀነሳል። ባለቤቱ ከሦስቱ የትኛው እንዳለው ካላወቀ ብልሽት ሲያጋጥመው ለማን እንደሚያመለክት አያውቅም።

ከሁሉ የበለጠ ልብ ሊባል የሚገባው አምራቹ የተወው መሣሪያ ነው። ራውተሩ ፈልጎ «አዲስ ዕድሳት የለም» ሲል ባለቤቱ ደስ ይለዋል። ይህ ቃል ግን ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛው መሣሪያው እስከ ዛሬ የታረመውን ሁሉ አግኝቷል ማለት ነው፤ ሁለተኛው ለዚህ መሣሪያ ዕርማት የሚጽፍ ሰው ከቀረ ዓመታት አልፈዋል ማለት ነው። ማሳያው ሁለቱን አይለይም። በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ያወጣው ማስጠንቀቂያ ይህንኑ የሚመለከት ነበር። ድጋፋቸው የተቋረጠ አሮጌ ራውተሮች በወንጀለኞች እጅ ገብተው ማንነት መደበቂያ መሆናቸውን ገልጾ በአዲስ እንዲተኩ መክሯል። በአሮጌ ዕቃ ገበያ የሚገኘው ርካሽ ራውተር ብዙ ጊዜ የዚሁ ወገን ነው።

እንግዲህ መፍትሔው ምንድን ነው? ዕድሳቱን ዘግቶ መተው መሣሪያውን ለሌባ መተው ነው። አብርቶ መርሳትም ከላይ እንደ ታየው የማይፈጸም ትእዛዝ መስጠት ሊሆን ይችላል። ዕድሳት የጥገና ሥራ ነው። ጥገና ደግሞ ቀን የሚወስንለት፣ መፈጸሙን የሚያይና ሲበላሽ የሚያነሣው ሰው ይፈልጋል። በትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ይህ ሰው በደመወዝ የተቀጠረ ነው፤ በአዳሚ ቱሉ ሱቅ ግን ራውተሩን የተከለው ባለሙያ ካልሆነ በቀር ሌላ ሰው የለም። ተክሎ ገንዘቡን ተቀብሎ የሚሄደው ቴክኒሻን ሥራውን በግማሽ ትቶ መሄዱ ነው። ሥራውን የሚሞሉትም ተግባራት ቀጥለው የተዘረዘሩት ናቸው።

አንደኛ፤ በተከላው ዕለት የሰዓት ቀጠናውን ወደ አዲስ አበባ ወይም ናይሮቢ ማስተካከልና የዕድሳቱን ሰዓት ከባለቤቱ ጋር መወሰን። ባለቤቱ ማታ ማታ የሚነቅል ከሆነ ለዕድሳት የሚሆን ሌሊት ሳይሆን ቀን፣ ለምሳሌ ሥራ የሚቀዘቅዝበት የእሑድ ከሰዓት በኋላ ይመረጥለታል። መሣሪያው ይህን የማይፈቅድ እንደ ሆነ በወር አንድ ቀን ባለቤቱ ራሱ እንዲያድሰው ማስተማር ይሻላል።

ሁለተኛ፤ በዕድሳት ሰዓት መብራት እንዳይቋረጥበት ማድረግ። የቤት ራውተር የሚፈልገው ኃይል ብዙውን ጊዜ ከ10 ዋት እምብዛም አይበልጥም። 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት የሆነ ትንሽ ባትሪ 84 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ግማሹ ብቻ ቢወሰድ እንኳ መሣሪያውን ለአራት ሰዓት ያህል ያቆየዋል። ይሁን እንጂ ባትሪ እየተሞላ ሳለ ቮልቴጁ ከ13 በላይ ስለሚወጣ ማስተካከያ ሳይገባበት በቀጥታ ከራውተሩ ጋር መያያዝ የለበትም። ለራውተር ተብሎ የተሠራ ትንሽ ዩፒኤስም ይህንኑ ያደርጋል።

ሦስተኛ፤ ከዕድሳት በፊት የመሣሪያውን ሁኔታ ጽፎ መያዝ። የመሣሪያው ሞዴል፣ በጀርባው የተለጠፈው የሃርድዌር ቁጥር፣ የፈርምዌሩ ቁጥር፣ የመስመሩ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል በወረቀት ላይ ሰፍረው ባለቤቱ በሚያውቀው ቦታ ይቀመጡ። አንዳንድ ጊዜ ዕድሳት ቅንብሩን ወደ ፋብሪካው ይመልሰዋልና ይህ ወረቀት ከሌለ መሣሪያው ደኅና ሆኖ ሳለ መስመሩ አይነሣም። የሃርድዌር ቁጥሩም ቀላል ነገር አይደለም፤ ሞዴሉ አንድ ሆኖ ቁጥሩ የተለየ ፈርምዌር መጫን መሣሪያውን ሊገድለው ይችላል።

አራተኛ፤ የፈርምዌሩን ፋይል ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርዶ በፍላሽ ማስቀመጥ። ራውተሩ ሲሞት ኢንተርኔቱም አብሮ ስለሚሞት በዚያን ሰዓት መድኃኒቱን ማውረጃ መንገድ አይኖርም። ብዙ መሣሪያዎች የመነሻ ፕሮግራማቸው ካልተነካ በኔትወርክ ገመድ ከኮምፒዩተር ጋር ተያይዘው እንደ ገና ሊጻፍባቸው ይቻላል። ይህን የሚያውቅ አንድ ባለሙያ በባቱ ወይም በአዳሚ ቱሉ ቢገኝ ባለሱቁ ዕቃውን ተሸክሞ እስከ አዳማ ከመጓዝ፣ ወይም ሊድን የሚችለውን ጥሎ አዲስ ከመግዛት ይድናል።

አምስተኛ፤ ከዕድሳት በኋላ ማየት። ከውጭ የሚገባው የማስተካከያ በር ሳይፈለግ አለመከፈቱ፣ የአስተዳዳሪው የይለፍ ቃል ወደ ፋብሪካው አለመመለሱ፣ የፈርምዌሩም ቁጥር በእርግጥ መለወጡ ይረጋገጣል። ለሁለት ዓመት ያህል ቁጥሩ ካልተለወጠ የአምራቹን ማስታወቂያ ማንበብና ድጋፉ ተቋርጦ እንደ ሆነ ለባለቤቱ በግልጽ መንገር ተገቢ ነው።

ይህ የባለሙያው ድርሻ ነው። የአምራቹና የአስመጪው ድርሻ ግን በምክር ብቻ የሚፈጸም አይደለም። በእንግሊዝ አገር ከሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ሕግ እንዲህ ያለ መሣሪያ የሚሸጥ ሁሉ የጥበቃ ዕድሳት ቢያንስ እስከ መቼ እንደሚሰጥ ለገዢው እንዲያስታውቅ ያስገድዳል፤ ለሁሉም አንድ የሆነ ቀላል የይለፍ ቃልንም ይከለክላል። የአውሮፓ ኅብረት ያወጣውም ሕግ ዋና ዋናዎቹ ግዴታዎች ከታኅሣሥ 2020 ዓ.ም. ጀምሮ ተፈጻሚ እንዲሆኑ ወስኗል። በኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የቴሌኮም መሣሪያዎችን ዓይነት መርምሮ የማጽደቅ ሥልጣን አለው። ሆኖም መሣሪያ በጸደቀበት ዕለት የነበረው ፈርምዌር ከዓመት በኋላ ሌላ ነው። ስለዚህ ከመሣሪያው ጋር የዕድሳቱ ዘመን ማብቂያ አብሮ እንዲመዘገብና በካርቶኑ ላይ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ እንዲጻፍ ማኅበሩ አሳቡን ቢያቀርብ ከሙያው የሚጠበቅ ተግባር ነው። መድኃኒት የሚገዛ ሰው ጊዜው የሚያልፍበትን ቀን በዕቃው ላይ ያነባል፤ ራውተር የሚገዛውም እንዲሁ ሊያነብ ይገባዋል።

እስከዚያው ድረስ በየከተማው ያሉ የማኅበሩ አባላት በገዛ እጃቸው የተከሏቸውን ራውተሮች ዝርዝር ከመያዝ ሊጀምሩ ይችላሉ። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ደብተር ነው፤ በአንድ ገጽ የባለቤቱ ስም፣ የመሣሪያው ሞዴል፣ የፈርምዌሩ ቁጥርና መጨረሻ የታደሰበት ቀን ይሰፍራል። ደብተሩ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዱ ከክረምቱ ነጎድጓድ በፊት፣ ይገለጥ። ቀኑ ያረጀበት ገጽ ሲገኝ ባለሙያው ወደዚያው ሱቅ ጎራ ብሎ ራውተሩ ማታ ማታ ይነቀል እንደ ሆነ ባለቤቱን ይጠይቅ።